ልጅቷ ስንት ጊዜ ትናገር?
በቪዲዮ የተቀረጸ የሕፃናት ቃል በፍርድ ቤት ፊት

ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱን ሁላችንም ስንተርት ኖረናል። ነገሩ ስለ ሊጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። ችግሩ ተረቱ ከማጀት ወጥቶ ችሎት መግባቱ ነው። ሕፃን የተናገረው ለክስ አይበቃም፣ ለፍርድ አይበቃም፣ ለመታመን አይበቃም የሚለው አስተሳሰብ ከዚያው ከቡኾው ዕቃ የተቀዳ ነው።

ከራሴ ልጀምር። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅ ነበርኩ። አንድ ቀን የፍርድ ቤት ዘጋቢያችን ከችሎት ተመልሶ ማስታወሻውን ጠረጴዛዬ ላይ ጣለና «ይሄን ምን ብዬ ልጻፈው?» አለኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። የደረሰባትን በደል መጀመሪያ ለእናቷ ተናገረች። እናቷ ለአክስቷ ደግማ አስነገረቻት። ከዚያ ቀበሌ፣ ከቀበሌ ፖሊስ ጣቢያ፣ ከፖሊስ ጣቢያ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ዓቃቤ ሕግ። በደረሰችበት ሁሉ አዲስ ሰው፣ አዲስ ጥያቄ። ችሎት የቀረበችው ከዓመት በላይ ቆይታ ነው። ተከሳሹ የምታውቀው ጎረቤት ነበር፤ ጥቂት ክንድ ርቆ ቆሞ ያያታል። ዳኛው «ተናገሪ የኔ ልጅ፣ አይዞሽ» አሏት። ልጅቷ የቀሚሷን ጫፍ ጨብጣ መሬት መሬት ስታይ ቆየች እንጂ አንድ ቃል አልወጣትም። በሚቀጥለው ቀጠሮ እናቲቱም አልመጣችም። መዝገቡ ተዘጋ።

እኔ ምን አደረግሁ? ዜናውን አሳጥሬ አወጣሁት። የልጅቷን ስም አላተምኩም፤ በዚህም ራሴን እንደ ጨዋ ቆጠርኩ። የሰፈሯንና የትምህርት ቤቷን ስም ግን እንዳለ ተውኩት። በሳምንቱ እናትየው ዝግጅት ክፍላችን ደጃፍ መጥታ ቆመች። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። «ጋሼ፣ አሁንስ የት ላስተምራት?» ብቻ ነው ያለችኝ። ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ የለኝም።

እንግዲህ የዛሬው ጽሑፌ መነሻ ይህ ነው። ያቺ ልጅ በመጀመሪያው ቀን፣ ነገሩ ትኩስ ሳለ፣ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ፣ ሙያውን ለሚያውቅ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ተናግራ፣ የተናገረችውም በቪዲዮ ተቀርጾ ቢሆን ኖሮስ? ቅጂው እሷን ተክቶ ችሎት ፊት ቢቀርብስ? በደለኛው ይያዝ ነበር? ወይስ ንጹሕ ሰው ሊከራከረው በማይችል ቴሌቪዥን ይፈረድበት ነበር? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ በዓለም ላይ ያሉ ታላላቅ ፍርድ ቤቶችን ግን ለአርባ ዓመት ሲያከራክር የኖረ ነው።

ክፍሉ ምን ይመስላል?

በአሜሪካ የዚህ አሠራር ዋነኛ ጀማሪ ተብሎ የሚጠቀሰው በአላባማ ግዛት የሃንትስቪል ከተማ ዓቃቤ ሕግ የነበረውና በኋላ የምክር ቤት አባል የሆነው ባድ ክሬመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ያስጀመረው ማዕከል ሐሳቡ አጭር ነበር። ልጁ ከቢሮ ቢሮ አይንከራተት፤ ፖሊሱ፣ ዓቃቤ ሕጉ፣ ሐኪሙና ማኅበራዊ ሠራተኛው ልጁ ወዳለበት ይምጡ። ዛሬ እንዲህ ዓይነት ማዕከላት በመላ አሜሪካ ተስፋፍተዋል። ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት በሞንጎመሪ ካውንቲም ሮክቪል ላይ «ትሪ ሀውስ» የሚባል አንድ አለ።

ክፍሉ የፖሊስ ክፍል አይመስልም። ልጁ የሚመቸው መቀመጫ፣ ወረቀትና ቀለም፣ ግድግዳው ላይ ትንሽ ካሜራ። ከልጁ ጋር የሚቀመጠው አንድ የሠለጠነ ጠያቂ ብቻ ነው። ሌሎቹ በሌላ ክፍል ሆነው ይመለከታሉ። እናትና አባት አይገቡም። ይህ ብዙ ወላጆቻችንን ያስቆጣል፤ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ልጅ የሚናገረው እናቱ ፊት ላይ የሚያየውን እየመረመረ ነውና።

ጠያቂው እንዲሁ በግምት አይጠይቅም። በአሜሪካ ብሔራዊ የሕፃናት ጤናና የሰው ልጅ ዕድገት ተቋም የነበሩ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ ያዘጋጁት የአጠያየቅ መመሪያ ዛሬ በብዙ አገሮች ይሠራበታል። የመመሪያው ልብ፣ ጠያቂው ሳይሆን ልጁ እንዲናገር ማድረግ ነው። «እገሌ ነክቶሃል?» ተብሎ አይጠየቅም፤ «የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ንገረኝ»፣ «ከዚያስ?» ነው የሚባለው። ወደ ነገሩ ከመገባቱ በፊት ልጁ የማያውቀውን «አላውቅም» ማለት እንደሚችል ይነገረዋል። ማለማመጃም አለው፤ «የኔ ውሻ ስሙ ማነው?» ብሎ ጠያቂው ይጠይቃል። ልጁ ገምቶ «ቡቺ» ቢል ይታረማል፤ «አላውቅም» ቢል ይመሰገናል።

ለኛ ልጅ ይህቺ ትንሽ ጨዋታ ትልቅ ነገር ናት። እኛ ያደግነው ትልቅ ሰው ከጠየቀ መመለስ ግዴታ ነው እየተባልን ነው። «አቤት» እና «እሺ» ነው የተማርነው። «አላውቅም» ማለት ጥጋብ፣ ዝም ማለት ድፍረት ነው። እንዲህ ሆኖ ያደገ ልጅ ፖሊስ «እንዲህ አድርጎሃል አይደል?» ካለው «አዎ» ሊል ይችላል፤ ጠበቃ «አላደረገህም አይደል?» ሲለውም እንዲሁ «አዎ» ይላል። ሁለቱም ጊዜ የታዘዘውን መፈጸሙ ነው።

«ፊቴ ይምጣና ይናገር»

አሁን ወደ ተከሳሹ እንምጣ። ተከሳሽ ሁሉ በዳይ አይደለም። በአባቶቻችን ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ በቁራኛ ታስረው፣ አንዱ ከሌላው ሳይለይ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው ይውሉ ያድሩ እንደ ነበር እናውቃለን። በ«በላ ልበልሃ» ሙግት ባለጉዳዩ ፊት ለፊት ቆሞ ነው የሚሟገተው። ያስከሰሰህ ሰው ዓይንህን እያየ ይናገር፣ አንተም እሱን ጠይቀው የሚለው መርሕ ከውጭ የመጣብን ነገር አይደለም።

እንግሊዞችም ይህን በመራራ መንገድ ተምረውታል። ሰር ዋልተር ራሌይ የሚባለው ዝነኛ ባላባት እ.ኤ.አ. በ1603 በአገር ክህደት ሲከሰስ ዋናው ማስረጃ ሎርድ ኮባም የተባለ ሰው በእስር ላይ ሆኖ የሰጠው ቃል ነበር። ኮባም ግን ችሎት አልቀረበም፤ ቃሉ ተነበበ እንጂ። ራሌይ ሰውየው ፊቴ ቀርቦ ይናገር ብሎ ለመነ፤ አልተፈቀደለትም። ተፈረደበት፤ ከ15 ዓመት በኋላም አንገቱ ተቀላ። የፖለቲካ ክስ ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ የኛ አንባቢ ይህ ታሪክ እንግዳ አይሆንበትም።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ስድስተኛው ማሻሻያ ተከሳሽ የሚመሰክሩበትን ሰዎች ፊት ለፊት የመጋፈጥ መብት የሰጠው ይህን የመሰለ ግፍ እንዳይደገም ነው። ለመሆኑ ይህ መብትና የተቀረጸ የልጅ ቃል እንዴት ይታረቃሉ? ክርክሩ ከቤታችን ሩቅ አይደለም፤ ከዋና ዋናዎቹ ጉዳዮች ሁለቱ የተነሡት እዚሁ ሜሪላንድ ነው።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1990 የተወሰነው «ሜሪላንድ በክሬግ ላይ» የሚባለው ነው። በሃዋርድ ካውንቲ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት የተነሣ ክስ ነበር። ሕፃናቱ ቃላቸውን የሰጡት ዓቃቤ ሕጉና የተከሳሿ ጠበቃ ባሉበት ሌላ ክፍል ሆነው ነው። ዳኛው፣ ጁሪውና ተከሳሿ በችሎቱ ሆነው በቴሌቪዥን ያያሉ፤ ልጆቹ ግን ተከሳሿን አያዩም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአምስት ለአራት ድምፅ ይቻላል አለ። ነገር ግን ሁኔታ አስቀመጠ። ልጅ ስለሆነ ብቻ አይበቃም፤ ይህ ልጅ በተከሳሹ ፊት ቢቆም መናገር እስከማይችል ድረስ እንደሚጎዳ በየጉዳዩ መረጋገጥ አለበት። ልብ በሉ፤ ጠበቃው መስቀለኛ ጥያቄ የመጠየቅ ዕድል አልተነፈገም። የተነፈገው ማፍጠጥ ብቻ ነው።

ከ14 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ያው ፍርድ ቤት «ክሮፎርድ» በሚባለው ጉዳይ መንገዱን አጠበበው። ጉዳዩ የልጅ አልነበረም። ፖሊስ የአንዲት ሚስትን ቃል በቴፕ ቀርጾ፣ እሷ ሳትመሰክር ቴፑ በባሏ ላይ ለጁሪ ተሰማ። ፍርድ ቤቱ የራሌይን ታሪክ ጠቅሶ፣ ለክስ ተብሎ የተሰጠ ቃል ተናጋሪው ካልቀረበና ተከሳሹ ጥያቄ የማቅረብ ዕድል ካላገኘ፣ ቃሉ የቱንም ያህል የሚታመን ቢመስል አይያዝም አለ። በማግሥቱ የሕፃናት ቅጂዎች ሁሉ አደጋ ላይ ወደቁ። እ.ኤ.አ. በ2005 የሜሪላንድ የበላይ ፍርድ ቤት ከሞንጎመሪ ካውንቲ በመጣ መዝገብ ላይ፣ ሕፃናቱን ለምርመራ ያነጋገረችው ማኅበራዊ ሠራተኛ እነሱን ተክታ መመስከሯ የተከሳሹን መብት ይጥሳል ብሎ ወሰነ።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2015 ሌላ ውሳኔ መጣ። በኦሃዮ ግዛት የሦስት ዓመት ሕፃን ሰውነቱ ላይ ጉዳት ያዩ መምህራን «ማነው እንዲህ ያደረገህ?» ብለው ጠየቁት፤ ነገራቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መምህራኑ የጠየቁት ልጁን ከአደጋ ለመጠበቅ እንጂ ማስረጃ ለመሰብሰብ ስላልሆነ ቃሉ መያዙ ጥፋት አይደለም አለ። እንግዲህ በዛሬው የአሜሪካ ሕግ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፤ ልጁ የተናገረው ለማን ነው? ለምንስ ተጠየቀ? ለመምህር ጭንቀት የተነገረና ለፖሊስ ካሜራ የተነገረ ቃል አንድ አይደሉም። ለካሜራው የተነገረው በመርሕ ደረጃ የሚገባው ልጁም ቀርቦ ሲጠየቅ ነው። ስለዚህ በአሜሪካ ቅጂው ልጁን ያግዘዋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይተካውም።

ቅጂው የመሰከረው በጠያቂው ላይ ነበር

ካሜራው ልጁን ብቻ አይደለም የሚቀርጸው። ይህን በግልጽ ያሳየው በካሊፎርኒያ ማንሃተን ቢች የማክማርቲን መዋዕለ ሕፃናት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ከአንዲት እናት አቤቱታ ተነሣ። ፖሊስ ለወላጆች ደብዳቤ በተነ። ወዲያው ከተማው በድንጋጤ ታመሰ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት በአንድ ድርጅት ውስጥ በአሻንጉሊት እየተጫወቱ ተጠየቁ፤ ሁሉም በቪዲዮ ተቀረጸ። ጠያቂዎቹ ሌሎች ልጆች ነግረውናል፣ አንተም ጎበዝ ሆነህ ንገረን ይሉ ነበር። አልሆነም ያለውን ደግመው ደጋግመው ጠየቁት። ልጆቹም ቀስ በቀስ የሚፈለገውን መናገር ጀመሩ፤ አንዳንዱ ሊሆን የማይችል ተረት ሁሉ ተናገረ።

ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፤ በአገሪቱ ታሪክ ረጅምና ውድ ከሚባሉት የወንጀል ክሶች አንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1990 ያለ አንድ ጥፋተኛ ተዘጋ። የጁሪው አባላት ከወሰኑ በኋላ እንደ ተናገሩት ያመኑት ያጡት ቪዲዮውን አይተው ነው፤ ልጁ የራሱን ይናገር ወይስ ጠያቂው ያስገባበትን መለየት አልቻሉም። ከተከሳሾቹ አንዱ ፍርድ ሳያገኝ አምስት ዓመት ታስሯል። ከልጆቹ መካከል በእውነት የተበደለ ቢኖር እንኳን እውነቱ በዚያ ክምር ሥር ተቀብሮ ቀርቷል።

ይህን ሳነብ የመጣብኝ የኛው ሌባ ሻይ ነው። ዕቃ ሲጠፋ ለብላቴና መድኃኒት አጠጥተው፣ አስክረው ይለቁታል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፣ ዕዳውን ይከፍላል። ብላቴናውን ገመድ ይዞ የሚከተለው ሌባ ሻዩ ነው። ብላቴናው መሰከረ ይባል ነበር፤ የመሰከረው ግን መድኃኒቱና ገመዱ ነው። የማክማርቲን ጠያቂዎች መድኃኒት አላጠጡም፤ ውዳሴና ጉትጎታ ግን አጠጥተዋል። ልዩነቱ አንድ ነው፤ በማክማርቲን ካሜራ ነበር። ቅጂ ባይኖር ኖሮ «ልጆቹ እንዲህ አሉ» የሚል ወረቀት ብቻ ነበር ችሎት የሚቀርበው፤ ጥያቄው አይታይም ነበር። ከዚህ የምንማረው ቅጂ መጥፎ መሆኑን ሳይሆን፣ ቅጂ የሚጠቅመው ልጁንም ተከሳሹንም መሆኑን ነው።

ሌሎች አገሮች

እስራኤል ከሁሉም ቀድማለች። እ.ኤ.አ. በ1955 ባወጣችው ሕግ ከ14 ዓመት በታች የሆነ የወሲብ ጥቃት ተጎጂን የሚጠይቀው ልዩ የሕፃናት መርማሪ ብቻ ነው። ልጁ ችሎት ይቅረብ ወይስ አይቅረብ የሚለውም በመርማሪው እጅ ነው። ካልቀረበ መርማሪው ተክቶት ይመሰክራል። ይህ ለተከሳሹ ከባድ ስለሆነ ሕጉ ሚዛን አስቀመጠ፤ በዚያ ቃል ብቻ ጥፋተኛ ማለት አይቻልም፣ ደጋፊ ማስረጃ ያስፈልጋል። እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ማወቅ አለባቸው።

እንግሊዝ ደግሞ ግማሽ መንገድ ሄዳ ቆመች። እ.ኤ.አ. በ1989 በዳኛ ፒጎት የተመራው ኮሚቴ የልጁ ዋና ቃልም መስቀለኛ ጥያቄውም ከችሎት በፊት ይቀረጽ ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. የ1991 ሕግ የመጀመሪያውን ብቻ ተቀበለ። ልጁ ቃሉን በቪዲዮ ሰጥቶ፣ ለመስቀለኛ ጥያቄ ግን ወር ወይም ዓመት መጠበቁ አልቀረም። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢታወጅም በሊድስ፣ በሊቨርፑልና በኪንግስተን መሞከር የጀመረው በ2013 መጨረሻ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ከፍተኛ የወንጀል ፍርድ ቤቶች ሁሉ የደረሰው በ2020 ነው። ኮሚቴው ከተናገረ 31 ዓመት አለፈ ማለት ነው።

የተሻለውን መላ ያገኘችው ትንሿ አይስላንድ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1998 «ባርናሁስ»፣ የሕፃናት ቤት ማለት ነው፣ ከፈተች። ልጁ በአንድ ክፍል ከሠለጠነ ጠያቂ ጋር ይቀመጣል፤ ዳኛው፣ ዓቃቤ ሕጉ፣ ፖሊሱና የተከሳሹ ጠበቃ በሌላ ክፍል ሆነው በቴሌቪዥን ያያሉ። ጠበቃው ጥያቄ ካለው በጠያቂው በኩል ያቀርባል። ቅጂው ችሎት ይታያል፤ ልጁ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ስዊድን በ2005፣ ኖርዌይ በ2007 በየራሳቸው መልክ ተከተሉ። በአይስላንዱ አሠራር የራሌይም ጥያቄ ተመልሷል፣ የልጅቷም።

አዲስ አበባ፣ ልደታ

እኛስ? እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። ባለፉት ሃያ ዓመታት ምንም አልተሠራም ማለት ሐሰት ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 627 ከ13 ዓመት በታች በሆነች ልጅ ላይ የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ጥቃት ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል ይላል። በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ ልደታ፣ ለሕፃናት ተስማሚ የሆነ ችሎት ተቋቁሟል። ልጁ በሌላ ክፍል ከማኅበራዊ ሠራተኛ ጋር ይቀመጣል። ከችሎት የሚመጣውን ጥያቄ ባለሙያዋ በጆሮ ማዳመጫ ሰምታ፣ በልጁ ቋንቋ አለስልሳ ትጠይቀዋለች። ችሎቱ በስክሪን ያያል። ያቺ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ያን ጊዜ ይህ ቢኖርላት ኖሮ እላለሁ።

ነገር ግን ይህ የሚፈታው ተከሳሹን የማየት ፍርሃትን ብቻ ነው። የመደጋገምንና የመጠበቅን ችግር አይፈታም። ልጁ እስከ ቀጠሮው ቀን ድረስ ያንን ታሪክ ተሸክሞ መኖር አለበት፤ ያ ችሎት በሌለበት ወረዳ ደግሞ ነገሩ እንደ ጥንቱ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ለፖሊስ የተሰጠ ቃልን በዋናነት የሚያየው ምስክሩ ችሎት ላይ የተናገረውን ለመመዘን እንጂ የምስክሩ ምትክ አድርጎ አይደለም። ሕጉ ሲጻፍ የቪዲዮ ካሜራ በቤቱ ያለው አልነበረምና አይፈረድበትም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 ተከሳሽ የሚመሰክሩበትን የመጠየቅ መብት፣ በአንቀጽ 36 ደግሞ የሕፃናት ጥቅም ቅድሚያ እንዲያገኝ ይደነግጋል። ሁለቱን የሚያስታርቅ ግልጽ የአሠራር ሕግ ነው የሚያስፈልገው።

የካሜራው ሌላ ፊት

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢ «ለዚህ መንግሥት ነው ካሜራ የምትሰጠው?» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ኢሕአዴግ በ2001 ዓ.ም. ያወጣው የፀረ ሽብር አዋጅ በአንቀጽ 23 የስሚ ስሚ ማስረጃንና ምንጩ ያልተገለጸ የደኅንነት ሪፖርትን በፍርድ ቤት ተቀባይ አድርጎ ነበር፤ አዋጁ የተሻረው በ2012 ዓ.ም. ነው። በኅዳር 2004 ዓ.ም. የመንግሥቱ ቴሌቪዥን «አኬልዳማ»ን፣ በጥር 2005 ዓ.ም. ደግሞ «ጂሃዳዊ ሐረካት»ን ያሳየን ጉዳዮቹ ገና በፍርድ ቤት ሳሉ ነው። በእስር ላይ ያለ ሰው በካሜራ ፊት የተናገረው ለሕዝብ ታየ፤ ከካሜራው ጀርባ ያለው ግን አልታየም። በመንግሥት ጋዜጣ የሠራሁ ሰው ነኝና «አመኑ» የሚለው ዜና እንዴት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚታተም አልጠፋኝም።

ስለዚህ ካሜራን መጠርጠራችን ተገቢ ነው። ግን ጥርጣሬያችን ልጁን ሜዳ ላይ እንዳይጥለው። በማዕከላዊ የተቀረጸውና በባርናሁስ የሚቀረጸው የሚለያዩት በመሣሪያው አይደለም። አንደኛ፣ ቅጂው ከመጀመሪያዋ ደቂቃ እስከ መጨረሻዋ ሙሉ ነው ወይስ ተቆራርጧል? ሁለተኛ፣ ጥያቄውና ጠያቂው ይታያሉ? ሦስተኛ፣ የተከሳሹ ጠበቃ ቅጂውን አግኝቶ የራሱን ጥያቄ ማቅረብ ችሏል? አራተኛ፣ ቅጂው በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ተቆልፎ ይቀመጣል ወይስ የማታ ዜና ላይ ይወጣል? እነዚህ አራቱ ካልተሟሉ ቅጂ ማስረጃ አይባልም፤ ፕሮፓጋንዳ ነው። ከተሟሉ ግን ለደካማው ወገን ትልቅ ጋሻ ነው።

በስደት ያለነውስ?

በየከተማው የምንሰማው ነው። ልጅ ለመምህሯ አንድ ነገር ትናገራለች፤ መምህሯ በሕግ ስለምትገደድ ታስታውቃለች። ከዚያ ለእናት ስልክ ይደወላል። በዚያች ሰዓት ብዙዎቻችን የምናደርገው አንድ ዓይነት ነው። ልጅቷን አስቀምጠን «ምን አልሽ? ማነው? እርግጠኛ ነሽ?» እያልን እስከ ሌሊት እንመረምራለን። ዘመድ ይጠራል፣ እሱም ይጠይቃል። ሽማግሌ ይገባል፤ «ገመናችንን ፈረንጅ እጅ አንጣል» ይባላል። አንዳንዱ በስልኩ ይቀርጽና በዘመድ አዝማድ ይበትነዋል። ሁሉም ከፍቅር ወይም ከሐፍረት የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ውጤቱ ግን የማክማርቲን ነው። በደሉ እውነት ከሆነ ጠበቃው «ቤተሰቡ አስጠናት» ይላል፤ እውነት ካልሆነም ንጹሕ አባት ወይም አጎት የሚያጸዳውን ንጹሕ ቃል እናጠፋበታለን።

ስለዚህ ከሕግ ሰዎችና ከማኅበራዊ ሠራተኞች የተማርኩትን በአጭሩ ላካፍል። ልጅ ከተናገረ ስሙት፤ «ነገርከኝ ጥሩ አደረግህ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» በሉት። የተናገረውን በራሱ ቃል ጻፉት። ከዚያ በላይ አትመርምሩ፤ ወደሚመለከተው ሂዱ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስለ አስተርጓሚ አትታክቱ። ልጁ በአማርኛ የሚናገር ከሆነ ዘመድ ወይም የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ አያስተርጉም፤ ባለሙያ ጠይቁ። የኛ ሰው የነውር ቃል ሲመጣ ያለሳልሳል፤ «ነካኝ» ያለችውን «አስቸገረኝ» ብሎ ሊተረጉም ይችላል። ክሱ በዚያች አንዲት ቃል ይቆማል ወይም ይወድቃል።

የቪዲዮው ሌላ በረከት እዚህ ላይ ይታያል። በወረቀት ላይ የሚቀረው አስተርጓሚው ያለው ነው፤ በቅጂው ላይ ግን የልጁ የራሱ አማርኛ አለ። ከዓመት በኋላ ሌላ አስተርጓሚ አዳምጦ «ልጅቷ እንዲህ አላለችም» ሊል ይችላል። ደግሞም የኛ ልጅ አቀርቅሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ከትልቅ ሰው ጋር የሚነጋገረው። የአሜሪካ ጁሪ ያቀረቀረን ሰው እንደ ዋሾ ሊያየው ይችላል። ሙሉ ቅጂው ግን ልጁ ስለ ትምህርት ቤቱና ስለ ኳሱ ሲናገርም እንዲሁ አቀርቅሮ እንደ ነበር ያሳያል፤ ማቀርቀሩ አስተዳደጉ እንጂ ሐሰት አለመሆኑ ይታወቃል።

ያቺ እናት «አሁንስ የት ላስተምራት?» ካለችኝ ሩብ ምዕተ ዓመት አለፈ። ልጅቷ ዛሬ ትልቅ ሴት ናት፤ የት እንዳለች አላውቅም። ቃሏን ለስድስት ሰው ስትናገር አንድም ሰው አልመዘገበላትም፤ የመዘገብኩት እኔ ነኝ፤ እሱም መመዝገብ የሌለበትን። አገር ቤት ያሉ የሕግ ባለሙያዎች ስለ ሥነ ሥርዓት ሕግ ሲከራከሩ፣ በውጭ ያለን ደግሞ ስለ ፍትሕ ስንጮህ፣ የፖለቲካ እስረኛውን ፊት ለፊት የመጋፈጥ መብትና የሕፃኗን አንድ ጊዜ ብቻ የመናገር መብት አንድ ላይ መያዝ አለብን። አንዱን ለማዳን ሌላውን መጣል አያስፈልግም፤ ሊታረቁ እንደሚችሉ ሌሎች አገሮች አሳይተዋል።

ልጅ ያቦካውም፣ በንጹሕ ዕቃ ከተቀመጠ፣ ለራት ይበቃል።

ቸር ወሬ ያሰማን።